የ‹ቢሆን› ፈረንሳይኛ

በደርግ ጊዜ አቃቂ ካሉት የጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ክር መፍተያ ክፍል እሠራ ነበር። የጥጡ ብናኝ ሳል ሲያስይዘኝ እናቴ ሥራ እንድቀይር ወተወተችኝ። ምድር ባቡር ጸሐፊ ሊቀጥር መሆኑንም የነገረችኝ እሷው ናት። ፈተናው ግን ፈረንሳይኛ ነበረበት።

ከቤታችን ሁለት አጥር አልፎ ጡረታ የወጡ የባቡር ትኬት ሻጭ ይኖሩ ነበር። ወሎዬ ናቸው፤ ፈረንሳይኛን የተማሩት ከፈረንሳይ አለቆቻቸው ቁጣ እንደሆነ ይናገራሉ። እሑድ እሑድ፣ የቀትር ሶላታቸውን ሲጨርሱ ደብተሬን ይዤ እሄዳለሁ። ሌላው ሁሉ ገባኝና ‹ቢሆን ኖሮ› የሚባልበት ላይ ስደርስ ተደናበርኩ። ‹እሄዳለሁ› እና ‹እሄድ ነበር› በፈረንሳይኛ በጆሮ ሲሰሙ አንድ ዓይነት ናቸው። የሚለያቸው በመጨረሻ የምትጻፍ፣ የማትነበብ አንዲት ፊደል ብቻ ናት።

«ይህቺን ፊደል ከረሳሽ፣ ያልሄደውን ሰው ባቡር ላይ አሳፈርሽው ማለት ነው» ይሉኝ ነበር።

በ‹ሲ›፣ ማለትም በ‹ቢሆን›፣ የሚጀምሩ ዐሥር ዓረፍተ ነገሮች እንድጽፍ አዘዙኝ። አንዱ ‹ሲ ዤቴ ሊብር፣ ዠ ፓርቲሬ› ይል ነበር። ቀበሌ ስብሰባ በር ላይ አንድ የአብዮት ጥበቃ ደብተሬን ተቀበለኝና ጣቱን እዚያው ላይ አሳርፎ ምን እንደሚል ጠየቀኝ። እኔ ሞኟ እንዳለ ተረጎምኩለት፤ «ነፃ ብሆን እሄድ ነበር።»

ወዲያው ሊቀመንበሩ ፊት ቀረብኩ። «ማነው ነፃ ያልሆነው? ወዴትስ ነው የሚኬደው?» አሉኝ። የቤት ሥራ ነው አልኩ። መምህሬ ተጠሩ፤ የድሮ የባቡር ኮታቸውን ለብሰው መጡ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሊብር ማለት ወንበሩ ሰው የለበትም፣ ሰውየውም ሥራ አልያዘም ማለት ነው» አሉ። «ልጅቷ ፈረቃ ባይኖርብኝ ገበያ እሄድ ነበር ነው ያለችው።»

«እና ሄደች?»

«አልሄደችም። ስላልሄደች ነው እንዲህ የሚጻፈው።»

«ያልሆነ ነገር መጻፍ ምን ይጠቅማል?»

«ፈተና ላይ ይመጣል» አሉ መምህሬ።

ሊቀመንበሩ ሳቁ። ደብተሩን መለሱልኝና ወደፊት ስለ ምርት እንድጽፍ መከሩኝ። ከመምህሬ ጋር ወደ ቤት አቀናን።

«ለምን እንዳለ ተረጎምሽው?» ብለው ተቆጡኝ።

«አንቱ አይደሉ እንዳለ ተርጉሚ ያሉኝ?»

በሚቀጥለው እሑድ ስለማውቃቸው ሰዎች ጽፌ ሄድኩ። መምህሬ አንድ ልጅ ነበራቸው። በዚያ ክፉ ዘመን ጠዋት ለትምህርት እንደወጣ ቀረ፤ ታሰረም ሞተም ያላቸው የለም። ደስ የማሰኛቸው መስሎኝ በፈረንሳይኛ ‹ልጃቸው ቢመጣ ደስ ይላቸው ነበር› ብዬ ጻፍኩ።

ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ እርሳስ አንሥተው ሁለቱንም ግሦች ሰረዙ፣ ከላያቸውም ሌላ ጻፉ። አነበብኩት፤ ‹ልጃቸው ከመጣ ደስ ይላቸዋል› ይላል።

«ተሳሳትኩ እንዴ፣ ጋሼ?»

«ሰዋስውሽ ልክ ነው» አሉኝ። «ግን ያንቺ ለማይሆን ነገር ነው። ለእሱ በዚያ አልጽፍም።»

ቀጥለው ሌሎች ግሦች አስረቡኝና ትምህርቱ አበቃ።

ፈተናውን አለፍኩ፤ ድሬዳዋ ጣቢያ ተመደብኩ። እዚያ ሰው የሚያወራው ሶማልኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ነበር፤ ፈረንሳይኛ የቀረው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ወረቀቱ ደግሞ ባቡሩ ገባ፣ ወጣ፣ ዘገየ ከማለት አያልፍም። ያን ያህል የደከምኩበትን ‹ቢሆን› ለሥራ አንድ ቀን እንኳ አልጻፍኩትም።

መምህሬ በሦስተኛው ዓመት ሞቱ። መርዶው ዘግይቶ ስለደረሰኝ ቀብራቸው ላይ አልተገኘሁም። ስለ ልጃቸው የተሰማ ነገር እንዳለ እናቴን በደብዳቤ ጠየቅኳት፤ የለም ብላ መለሰችልኝ።