ኢሱዙ የሚያስገባ በር

አባቴ በር ሊያሠራ የተነሣው ጉልበቱ በከዳው ዓመት ነው። የነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ነበር። በየገጠሩ ዞሮ ይገዛል፣ ግቢያችን ውስጥ ያከማቻል፣ ከዚያ ለጎንደር ነጋዴዎች ይጭናል። ያን ዓመት ግን ከአልጋው ወርዶ ደጅ እስኪደርስ ግድግዳ መያዝ ጀመረ። ስለዚህ ኢሱዙ እስከ መጋዘኑ አፍ ገብቶ የሚጭንበት ሰፊ በር አሰበ፤ ግራና ቀኙ ዓምድ ያለው። ከእንግዲህ በገጠሩ ዞሮ የሚገዛው ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን አፍ አውጥቶ አልተናገረም፤ ስለ በሩ ባወራ ቁጥር ግን የሚያየው እኔን ነበር።

የእኔ ልብ ባሕር ዳር ነበር። አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ እዚያ ማተሚያ ቤት ተቀጥሯል። ከፋሲካ በኋላ አንድ ሠራተኛ ስለሚፈልጉ፣ ቦታውን ለእኔ እንዲይዙልኝ ለምኖልኛል። “ፊደል እየለቀምህ ትውላለህ፣ ማታ ማታ ግጥምህን በትርፍራፊ ወረቀት ታትማለህ” አለኝ በስልክ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደባርቅ ጠበበችኝ። ጠዋት ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ወጥቶ ከተማውን ሲውጠው፣ አንድ ሰው ከራሴ ላይ ጆንያ የደፋብኝ ይመስለኝ ነበር።

“ዓምዱን አንተ ምረጥ፤ ዓይን ያለህ አንተ ነህ” አለኝ አባቴ።

ትከሻዬን ተደግፎ በዋናው መንገድ ዳር የሰውን በር እያየን ዞርን። መንገዱ አስፋልት ሊሆን ነው ስለተባለ ሁሉም አጥሩን እያደሰ ነው። አንዱ ሁለት የብረት ቱቦ አቁሞ አረንጓዴ ቀብቶታል፤ ዝገቱ ግን ከሥሩ ተነሥቶ ካልሲ አጥልቆለታል። አንድ ሆቴል የሲሚንቶ ዓምዶቹ ራስ ላይ ድቡልቡል ነገር አስቀምጧል። አንደኛው ወድቆ ሽቦው ብቻ ቀርቷል።

“ይሄስ ለእኛ ነው የተሠራው” አለ አባቴ፣ የቀረውን ድቡልቡል እያሳየኝ። “ሽንኩርት አይመስልም?”

ሳቅን። ያን ሰሞን አብረን የሳቅነው ያኔ ብቻ ይመስለኛል።

ወደደው እንጂ አልመረጠውም። አንድ የገብስ ነጋዴ ወዳጁ ያሠራውን በር ለማየት በሚኒባስ ዳባት ወረድን። የጥርብ ድንጋይ ዓምድ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ፣ መጋጠሚያው በሲሚንቶ የተሞላ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር የመሰለ። አባቴ የሚገዛውን በሬ ጀርባ እንደሚዳስስ ሰው መዳፉን አሳረፈበት።

“ይሄ ነው” አለ።

“አባባ፣ ባሕር ዛፍ ቢሆንስ? ወፍራም ወፍራሙን መርጠን፣ ሥሩን የተቃጠለ ዘይት ብንቀባው…”

“ስንት ዓመት ይቆማል?”

“የተወሰነ ዓመት።”

“ሲበሰብስ ማን ይቀይረዋል?”

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ አጠበቅኩ።

“ባሕር ዛፍ የሚያስመርጥህ በሩ አይደለም” አለ፣ እጁን ከድንጋዩ ሳያነሣ። “ልትሄድ ስላሰብህ ነው።”

በሚኒባስ ወደ ደባርቅ ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ሌላ መላ መጣልኝ። በሩን ከልክ በላይ ካሰፋሁት የመዝጊያው ላሜራ ይወደዳል፤ ሲወደድ አባቴ ነገሩን ይተወዋል። ግንበኛው ግቢያችን መጥቶ ገመድ ሲዘረጋ፣ ፈርጠም ብዬ “ሁለት መኪና ጎን ለጎን የማያስገባ ከሆነ ምኑን በር ሆነ?” አልኩ።

ግንበኛው ሳቀብኝ። “ጋሼ፣ ልጅዎ መናኸሪያ ሊከፍት ነው እንዴ?”

አባቴ አልሳቀም። ፊቱ በራ። “ሰማህ? እኔ አንድ ኢሱዙ አስቤ እሱ ሁለት አሰበ! አስፋው፣ እሱ ባለው ልክ አስፋው!” እናቴን ከማጀት ጠርቶ ደግሞ ነገራት። እናቴ ገመዱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። “ምን ነካህ አንተ?” አለችኝ ቀስ ብላ፣ እሱ እንዳይሰማ።

መሠረቱ የሚጣል ዕለት ጎረቤቱና የንስሐ አባታችን መጡ። የመጀመሪያውን ድንጋይ የሚያኖረው የቤቱ ባለቤት ነው። አባቴ ግን ጉልበቱን መታ መታ አድርጎ ድንጋዩን እኔን አስያዘኝ። ጉድጓዱ እስከ ወገቤ ይደርሳል። ገብቼ ጎንበስ ስል የሚታየኝ የሰው ጫማና የንስሐ አባታችን መቋሚያ ጫፍ ብቻ ሆነ።

“አንተ ቅኔ ቤት ሳትገባ ቅኔ የምትዘርፍ፣ በል ደህና አድርገህ አስቀምጥ!” አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ መስቀላቸውን አነሡ፤ ሳቁም ጸጥ አለ። አባቴ ቀድሞ ምን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

“ይህን ደጅ የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ይሁን። አባቱ በተቀመጠበት ይቀመጥ። በዚህ በር እህሉ ይውጣ፣ ሽንኩርቱ ይውጣ፤ ልጅ ግን አይውጣበት።”

“አሜን!” አለ ሰው ሁሉ ከላይ።

“የባለቤቱን አልሰማሁም” አሉ።

ቀና አልኩ። አባቴ በአንድ እጁ የግንበኛውን ትከሻ ይዟል። የታመመው እግሩ በሱሪው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ዓይኑ ግን አፌ ላይ ነው።

“አሜን” አልኩ።

ሳልወጣ ሲሚንቶውን ማፍሰስ ጀመሩ። እጄን ስቦ ያወጣኝ ግንበኛው ነው።

በማግስቱ ለጓደኛዬ ደወልኩ።

“አልመጣም።”

“ለምን?”

“በር እያሠራን ነው።”

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከፋሲካ በኋላ ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጡት።

ዓምዶቹ ዛሬም ቆመዋል፤ ዝናቡም ውርጩም አልነካቸውም። ሁለት ኢሱዙ አንድ ላይ ገብቶ አያውቅም። ሽንኩርታችንን የሚጭነው ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ “ባለቅኔው፣ ኳስ ሜዳ ነው እንዴ የሠራኸው?” ይለኛል። እስቃለሁ። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጭነቱን ያያል። እኔ ከገበያ ስመለስ ዋጋውን ይጠይቀኛል።

በየጠዋቱ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ያኔ የጎንደሩ አውቶቡስ ከመናኸሪያ ወጥቶ በደጃችን ያልፋል። የድሮው በራችን ጠባብ ስለነበር ውልብ ብሎ ይጠፋ ነበር። አሁን ከቀኙ ዓምድ ብቅ ብሎ በግራው እስኪሰወር ድረስ፣ መስኮቱን ተደግፎ የተኛውን፣ ዳቦ የሚገምጠውን፣ ወደ ኋላ ዞሮ ከተማውን የሚያየውን ሁሉ አያለሁ። አንድ ስንኝ በልቤ ብዬ የምጨርስበት ያህል ይቆያል። አንዳንድ ቀን ስንኙ ሳያልቅ አውቶቡሱ ይቀድመኛል።

ከዚያ ኢሱዙው ከውጭ ጡሩምባ ይነፋል፤ ከበሩ መሃል ገለል እልለታለሁ።