ስሳሳት ብቻ ያናግረኝ ነበር

ባሌ ስትሮክ መትቶት ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ነበር፤ ምላሱም አብሮ ተሳስሯል። ሐኪሙ ወደ ጎን ወስዶ የነገረኝ አንድ ነገር ነው፤ “አናግሪው። ካልተናገረ፣ መናገሩን እንደተወ ይቀራል።” ምን ቀላል ነገር! በደብረ ማርቆስ እንደኔ ያለ ለፍላፊ የለም እያለ ሲያማኝ የኖረ ሰው ነው። ለፈለፍኩ። ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ መብራት መጥፋቱ አወራሁለት። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ስሜን ለመጥራት እንኳ አልሞከረም። አንዳንዴ ወሬዬ መሀል ላይ ያልቅብኝና ጓዳ ገብቼ አለቅስ ነበር።

ሥራው የድምፅ መሣሪያ ማከራየት ነበር። ሠርግም ስብሰባም ባለበት ስፒከሮቹን ጭኖ ይሄዳል። ከመታመሙ ትንሽ ቀደም ብሎ የድምፅ መቀላቀያውን፣ አሮጌውን ሚክሰር ሸጦ ዲጂታል የሚባለውን፣ ስክሪን ያለውን ገዝቷል። በጥር ቁይ ከተማ ላይ ልጃቸውን ለሚድሩ አንድ አባትም እመጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ሰውየው ሲደውሉ “ታሟል” ማለት አቃተኝ። በጥር፣ በሠርጉ ወቅት፣ ሌላ ሰው ከየት ያገኛሉ?

“እንመጣለን አባቴ፣ አያስቡ” አልኳቸው።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስለ ሚክሰር የማውቀው አቧራውን መጥረግ ብቻ ነው።

ሚክሰሩን ከአልጋው አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ከአንድ ስፒከርና ከአንድ ማይክ ጋር አገናኘሁት። ከፊቱ በረድፍ የተደረደሩ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ ፌደሮች አሉት። ባሌ በአሮጌው ላይ ያደርግ እንደነበረው ከየፌደሩ ሥር ነጭ ፕላስተር ለጥፌ “ዘፋኝ”፣ “ኪቦርድ”፣ “ሽማግሌ” ብዬ ጻፍኩ። በኔ ሙያ አንዴ የተሰፋ ቁልፍ ነገም እዚያው ይገኛል። እዚህ ግን ከስክሪኑ አጠገብ ያለውን አንድ ነገር ጫን ሳደርግ ፌደሮቹ በራሳቸው ሽቅብና ቁልቁል ሮጡ። በስመ አብ ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ተመልሼ “ሽማግሌ” ያልኩትን ከፍ ሳደርገው ስፒከሩ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ለቀቀ።

ከአልጋው በኩል ሌላ ጩኸት ተሰማ። ባሌ ዞሯል፤ ፊቱ ቀልቷል። በግራ እጁ ፕላስተሩን ላጠና “ገ… ገ… ገጽ!” አለ።

ሚክሰሩን እንዳለ ረሳሁት። “እስቲ ድገመው! በሞቴ ድገመው!” ብዬ ተንበረከክሁ። አልደገመውም፤ ስክሪኑን በጣቱ ደበደበ። ቀስ እያለ ገባኝ። ማሽኑ ገጽ ገጽ አለው። በአንዱ ገጽ የሽማግሌው ማይክ የሆነው ፌደር፣ ሌላው ገጽ ሲገለጥ የስፒከሮቹ ሁሉ ይሆናል። እጅ ከመንካቱ በፊት ዓይን ገጹን ማየት አለበት።

ከዚያ ወዲያ ትምህርታችን ይኸው ሆነ፤ እሳሳታለሁ፣ ይቆጣል። ማይኩን ከመጠን በላይ ስለቀው “ዝቅ!” ይላል። ማንም የማይናገርበትን ማይክ ክፍቱን ስተወው “ዝጊ!” ይላል። አንድ ቀን ጥርት አድርጎ “ደደብ!” አለኝ። ጎረቤቴ ዘንድ ሮጬ “ደደብ አለኝ እኮ!” ብዬ በደስታ አወራሁ። አበደች ሳትለኝ አልቀረችም።

በትክክል ስሠራ ግን ዝም ነው። እዚህ ላይ ነው ግራ የገባኝ። ያረምኩት ስህተት ሁሉ አንድ ቃል ይዞብኝ ይሄዳል። ብማር ባሌ ዝም ሊል ነው፤ ባልማር የሰው ሠርግ ላበላሽ ነው። ጥር ደግሞ አይጠብቅም።

ባሌን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ፣ ስፒከሮቹን አስጭኜ ቁይ ስደርስ ዳሱ ጢም ብሏል። ዘፋኙም ኪቦርዱም ደህና ሄዱልኝ። የሙሽራዋ አባት ሊመርቁ ማይክ ሲይዙ ግን ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለም።

“ኧረ ይቺ ሴትዮ ጉድ ልትሠራን ነው!” አለ አንዱ ከኋላዬ።

እጄ ፌደሩን ሊገፋ ሲል የባሌ ጣት ስክሪኑን ሲደበድብ ታየኝ። ቅድም ስፒከሮቹን ሳስተካክል ገጹን ሳልመልስ ረስቼዋለሁ። መለስኩና ቀስ አድርጌ ከፍ አደረግሁት። “…ውለዱ፣ ክበዱ” የሚለው ድምፃቸው ዳሱን ሞላው። እልልታው ሲቀልጥ እኔ ዓይኔን ከስክሪኑ አላነሳሁም።

ቤት ገብቼ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ስለ ገጹ ስነግረው በግራ እጁ ጉንጬን ዳሰሰኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በማግስቱም አልዞረም። ሾርባ ሳቀርብለት አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ በቃ። በራሴ ተናደድኩ። ያለኔ አይሆንም የሚለው አንድ ነገር ቀርቶለት ነበር፤ እሱንም ወሰድኩበት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚክሰሩን አልጋው አጠገብ መልሼ ዘረጋሁት። ፕላስተር ለጠፍኩ፤ “ሽማግሌ” ብዬ ጻፍኩ። ገጹን ሆን ብዬ ወደ ስፒከሮቹ ገለጥኩና ፌደሩን ገፋሁት። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። አልዞረም። ጨመርኩበት። የጎረቤት ውሻ መጮህ ጀመረ።

ያኔ ዞረ። ፊቱ አልቀላም። በደጉ ዘመን ውሸቴን ሲይዝብኝ እንደሚያየኝ ዓይቶኝ፣ በግራ እጁ ፌደሩን ቀስ አድርጎ ወደ ታች ሳበው።

“ተይ” አለኝ።

አልተንተባተበም። ከታመመ ወዲህ ሳይቆጣ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ነበር።

“አልተውም!” አልኩና ፌደሩን መልሼ ወደ ላይ ገፋሁት።