በሰላምታ ያለቀ ባትሪ

ላፕቶፔ አርጅቷል። ከቻርጀሩ ከነቀልኩት ስሜን ጽፌ ወደ አባቴ ስም ሳልሻገር ድርግም ይላል። ባለቤቴ ትናንት፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ ግዛቸው እዚሁ መካነ ሰላም እያለልህ ለባትሪ ደሴ ድረስ ምን ያንከራትትሃል አለችኝ። የደሴ ነፋስ ይስማማኛል ብዬ አለፍኩት። ከግዛቸው ጋር የተቀያየምነው ግን ገና ድሮ ነው።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። እኅቴ ከዐረብ አገር የላከችልኝ ላፕቶፕ ነበረኝ፤ ባትሪው አንዴ ከሞላ ወግዲ በእግር ደርሶ ለመመለስ የሚበቃ። ከኪቦርዱ አንድ ቁልፍ ቢነቀልብኝ ለጠጋኙ ለግዛቸው ሰጠሁት። የእሱም ላፕቶፕ ከእኔው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ቁልፉን ተከለልኝ።

በዚያው ሰሞን ወግዲ አጠገብ ለሚኖሩት ለጋሽ ይመር ሽማግሌ ልኬ ነበር። ልጃቸው እታገኝ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት፤ እሷም ዐረብ አገር ነበረች። አባትየው ከራሷ አፍ ካልሰማሁ አልሰጥም አሉ። እሷም መልሷን በቪዲዮ ቀርጻ፣ ወደ አገር በምትመለስ ጎረቤት እጅ ፍላሽ ላከችላቸው። ቤታቸው መብራት የለም። ስለዚህ ማሳየቱ በእኔው ላይ ወደቀ።

ጥቅምት ነበር። ባቄላ እሸት እየፈለፈልን፣ ጤፉን በግራ በቀኝ እያየን ከሽማግሌዎቼ ጋር ደረስን። ቪዲዮው ተከፈተ፤ እታገኝ ሰላምታ ጀመረች። የእኛን አገር ሰላምታ የሚያውቅ ያውቀዋል። የአባቷን ወገብ፣ የእናቷን ዓይን፣ የጎረቤቱን ጥርስ፣ የላሚቱን ጥጃ ጠየቀች። ቤት ሙሉ ሰው ለእያንዳንዱ ይመልስላታል። ሳይመልሱላት ካለፈች ጋሽ ይመር ትከሻዬን መታ ያደርጉኛል።

«እስቲ ወደ ኋላ መልሳት ልጄ፤ ዝም ያልናት እንዳይመስላት።»

እመልሳታለሁ። ከጥጃው ወደ በጎቹ ስትሻገር ስክሪኑ ጨለመ። ጋሽ ይመር አብሽር፣ ለገበያ መካነ ሰላም ስወጣ እንጨርሰዋለን አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ ባትሪውን አወጣሁት። እኅቴ ዕቃዋ ሁሉ ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ ታደርጋለች። በዚህኛው ላይ የለም። ግዛቸው በራሱ አሮጌ ባትሪ ለውጦብኛል። እስከ ገበያው ቀን እህል አልቀመስኩም፤ የበላሁት በቀል ነው። ሰውዬውን በሐሳቤ ዓባይ ገደል እየወረወርኩ፣ እንደገና ልወረውረው መልሼ አወጣው ነበር።

ገበያው ሲደርስ ጋሽ ይመርንና ሽማግሌዎቹን በቀጥታ ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ላፕቶፔ ስለታመመ በአንተው አሳየን አልኩት። በሽማግሌ ፊት እንቢ ማለት አልቻለም። እታገኝ ሰላምታዋን ስትጀምር የኃይል ገመዱን በእግሬ ነቀልኩት፤ የማን ባትሪ ጽናት እንዳለው ይታይ ብዬ ነው። ንቅንቅ አላለም። ጥጃው አለፈ፣ በጎቹ አለፉ።

«እንግዲህ አባባ፣ ስለ ሰይፉ የጠየቁኝን…» አለች።

ይኼኔ ግዛቸው ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ «ባትሪ ማለት እንዲህ ነው ሰይፉ፤ አያያዝ ለሚያውቅ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ላፕቶፑን ገልብጬ ባትሪውን መንጭቄ አወጣሁት። ቀዩን ነጥብ ለሁሉም አሳየሁ። ግዛቸው አመድ መሰለ። እንደዚያች ቅጽበት የጣፈጠኝ ነገር የለም፤ ማርም ቢሆን።

ሱቁ ጸጥ ካለ በኋላ ነው የእታገኝ ድምፅ እንደሌለ የገባኝ።

«ባትሪው ያንተ ነው፤ አየነው» አሉ ጋሽ ይመር፣ በቀስታ። «ልጄ ግን እየተናገረች ነበር።»

ፍላሹን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ወዲያ ስንት ሽማግሌ ብልክ አልመለስ አሉ። እሷም እዚያው ዐረብ አገር አገባች ሲባል ሰማሁ።

የግዛቸውን ሌብነት ከማሻ እስከ አጅባር በየገበያው ያዳረስኩት እኔ ነኝ፤ አጅባር ሲደርስ የሰረቀኝ የአይሱዙ ባትሪ ሆኖ ነበር። እሱም አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆመኝ። ያን ዕለት ቪዲዮው እንዳይቆራረጥ ብሎ መጀመሪያ ከፍላሹ ወደ ራሱ ኮምፒውተር ገልብጦት ኖሯል።

«እስከ መጨረሻው አየሁት» አለኝ። «ብትጠይቀኝ እነግርሃለሁ።»

አልጠየቅኩትም። ዛሬም ሲያገኘኝ ፈገግ ብሎ ቤተሰቤን በየስማቸው እየጠራ ይጠይቀኛል፣ ከዚያ እንድጠይቀው ይጠብቃል። ባለቤቴን እወዳታለሁ፤ ነገሩ የትዳር አይደለም። ስለ እኔ የተነገረ አንድ ቃል ሌባ እጅ መቅረቱ ነው የሚያንገበግበኝ። እሱን ከምጠይቅ ደሴ በጉልበቴ እየዳህኩ ብሄድ ይሻለኛል። ቃሏን ይዞ ከእኔ ቀድሞ እንዳይሞትብኝ ግን ሁልጊዜ እጸልያለሁ። በወሎ ምድር ለጠላቱ ዕድሜ ሲለምን የሚኖር ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።