ቀን መተኛት የከለከሉኝ ሰሞን

እግሬ አልታዘዝ ያለኝ ቆቦ፣ አስፋልቱ መሀል ላይ ነው። የሰባት ዓመት ልጄን ከትምህርት ቤት አምጥቼ መንገድ ሳሻግራት ከኋላችን የአንድ ከባድ መኪና ጎማ ፈነዳ። ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ አይቶ ወደ ጉዳዩ ሄደ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ልጄ እጄን ትጎትታለች፤ ከዋጃ በኩል የሚመጣ ሚኒባስ ጥሩምባውን እየነፋ ይበራል። ሁሉንም አያለሁ፣ ሁሉንም እሰማለሁ፣ እግሬ ግን የእኔ አይደለም። ሚኒባሱ ልጄ ላይ ሊደርስ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «ሴትዮ፣ መሞት ካማረሽ ልጅቱን ቤት ትተሻት ነይ» አለኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። የጦርነቱ ተኩስ ከቆመ ቆይቷል። ገበያው ሞልቷል፣ ሰው ሁሉ «አለፈ» ይላል፤ እኔም ያለፈ መስሎኝ ነበር። የድስት ክዳን ሲወድቅ ልቤ ጉሮሮዬ ውስጥ ስትገባ፣ በር ሲገፋ እጄ ሲንቀጠቀጥ፣ ድካም ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ለካ ከተማው ውስጥ ያበቃው እኔ ውስጥ አላበቃም። ልጄ እጄን እንደያዘች ልትሞትብኝ ነበር።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያየችኝ ሐኪም፣ «ልብሽ ጤነኛ ነው» አለችኝ። «ሰውነትሽ ግን ማረፍ ረስቷል። ጸጥ ያለ ቦታ ፈልገሽ ተኚ። ሥራሽንም እስትንፋስሽንም ቀስ አድርጊው። ወሬና ጩኸት ይቅርብሽ።» መድኃኒት አልሰጠችኝም። ጸጥታ ከየት እንደሚገዛ ብትነግረኝ ምናለ እያልኩ፣ ተናድጄ ወጣሁ።

ባሌ ሥራ ፍለጋ አፋር ወርዷል። ከእኔ ጋር አንድ ግቢ የምትኖረው ታላቅ እህቱ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። የሆነውን ስነግራት፣ «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» አለች። በማግስቱ ቤቴ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፋ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራችው።

በእኛ ሰፈር የደነገጠ ሰው ብቻውን አይተውም። ቀን ከተኛ ደግሞ ድንጋጤው ውስጡ ይደርቅበታል ይላሉ። ስለዚህ ሴቶቹ ተራ ገብተው ይጠብቁኝ ጀመር። ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ እትዬ ጉልበቴን ትነቀንቃለች። «ኧረ ተጫወቱላት እናንተ፣ ልትተኛብን ነው።»

የሚጫወቱት ምን መሰላችሁ? ተኩስ።

«አንቺ ምን አየሽና ነው» ትላለች አንዷ፣ «እኔ ነኝ እንጂ ከነልጆቼ አልጋ ሥር የዋልኩት።»

«አልጋ ካለሽማ ምን አለብሽ» ትላለች ሌላዋ፣ «እኛ ማሽላ ውስጥ ነው የተኛነው።»

የፍርሃት ውድድር ነው። እኔ መሀል ተቀምጬ፣ አላህ ያሽርሽ እየተባልኩ፣ የሁሉንም ተኩስ አንድ በአንድ እንደ ገና እሰማለሁ። ውጭ ደግሞ የሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ፣ የወፍጮው ጩኸት፣ የባጃጁ ጥሩምባ። አንገቴ እንጨት ሆነ።

አንድ ከሰዓት እትዬ፣ «እስኪሻልሽ ልጅቱ እኔ ጋ ትደር። እኔ አወጣታለሁ፣ እኔ አስገባታለሁ» አለች። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያቃጠለኝ እውነቷን መሆኗ ነው። ልጄን መንገድ ማሻገር የማልችል ከሆንኩ ምን ብዬ ልያዛት? ካልዳንኩ ልጄ ከእጄ መውጣቷ ነው።

ወዲያው አንዷ የከባድ መሣሪያውን ድምፅ ላሳያችሁ ብላ ትሪውን በጡጫዋ ደለቀችው። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ከማሽላው ጆንያ ጀርባ ተሸጉጬ መገኘቴን ነው። ሳቁ፤ ለክፋት አይደለም። ልጄ ግን በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፣ አልሳቀችም።

ተነሣሁ። «ውጡልኝ» አልኩ።

ጠያቂን ከቤት ማስወጣት እኛ ዘንድ ታይቶ አይታወቅም። እትዬ የሰማችውን አላመነችም። «ምን አለች?»

«ውጡልኝ አልኩ። ደግ ሰዎች ናችሁ፣ አላህ ይስጣችሁ። አሁን ግን ውጡ፣ መተኛት እፈልጋለሁ።»

«ለየላት» አለች እትዬ። «ነገ ስምሽ ገበያ ላይ ነው የሚውለው።»

«ይዋል። እኔ እስከዚያ እተኛለሁ።»

ግን ቤቴም አላስተኛ አለኝ። ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ሲዘጋ፣ ዞብል ተራራ ግርጌ ያለችው ታላቅ እህቴ ጋ እሄዳለሁ ብዬ ልብሳችንን በፌስታል ቋጠርኩ። እትዬ በሩን ይዛ፣ «ልጅቱን ይዘሽ ያንን አስፋልት አትሻገሪም» አለች።

«እንግዲያው አንቺ አሻግሪያት።»

እትዬ የልጄን እጅ ይዛ፣ ሳታናግረኝ አሻግራን ባጃጅ ላይ ጫነችን። «ካልተሻለሽ መጥቼ እወስዳታለሁ፣ ወላሂ» አለች።

እህቴ እንደ ደረስን፣ «መጣሽ?» አለችኝ።

«መጣሁ።»

«ተኚ እንግዲህ።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ቁርቁራ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ዘረጋችልኝ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንቅልፍ የሚባል አልነበረም። ጸጥታው ራሱ አስፈራኝ፤ ከሥሩ የሚመጣ ነገር ያለ ይመስል ጆሮዬን አቁሜ እውላለሁ። ውኃ ስቀዳ እሮጣለሁ፣ ስበላ እሮጣለሁ። እህቴ፣ «ማን ነው የሚያሳድድሽ?» ትለኛለች፤ ሌላ ምክር የላትም። ንዴቴን ሁሉ እሷ ላይ አወጣሁት። አንድ ቀን ግን ጥያቄዋን መለስኩላት። ማሽላችን ውስጥ ተኩሰው፣ ልጆቻችንን አስጩኸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው የሄዱትን ታጣቂዎች እየረገምኩ አለቀስኩ። እህቴ ምስር ትለቅም ነበር፤ አላቋረጠችኝም። ለቅሶዬ ሲወጣልኝ ከምስሩ ከፍላ ሰጠችኝ። አንድ አንዷን ፍሬ እያየሁ፣ ሐኪሟ እንዳለችው ቀስ ብዬ እየተነፈስኩ ለቀምኩ። ትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ያን ያህል ወደ ላይ ይዤው እንደኖርኩ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ልጄን አቅፌ ተኛሁ። አንድም ሰው አልቀሰቀሰኝ። ስነቃ ጥላው ከእኛ ላይ ሄዷል፤ ልጄ ክንዴ ላይ ናት፣ እጄም አይንቀጠቀጥም።

«እማ፣ አሁንም ታመሻል?» አለችኝ።

ተኩሰው በሄዱት ላይ ያለኝ ንዴት አልወጣም፤ ይውጣልኝም አላልኩም። ለልጄ ግን እውነቱን ነገርኳት። «አልታመምኩም። ደህና ነኝ፤ አንቺም ደህና ነሽ። እዚህ ማንም አይነካንም።»