ለእንግዳ የተቀመጠው ማውስ

ባለፈው ሳምንት ቢሮ የምሠራበት ማውስ መለገም ጀመረ። ወደ ግራ ስስበው ይሄዳል፤ ወደ ቀኝ ስለው ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። አጠገቤ የሚሠራው ልጅ አየኝና ገመዱን ነቀለ፣ ማውሱን ቅርጫት ውስጥ ጣለው፣ ከመደርደሪያው ሌላ አውጥቶ ሰካልኝ። አፍታም አልፈጀ። ልጁ ደግ ነው፣ ያጠፋውም ነገር የለም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ስበሽቅ ዋልሁ።

ልጅ እያለሁ ወገዳ ውስጥ ኮምፒውተር የሚማሩበት ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ የጋሽ ምናለ ቤት። ቤት ስል የመኖሪያቸው የፊት ክፍል ማለቴ ነው። "አቧራ ለማሽኑ መርዝ ነው" ስለሚሉ ደጃፍ ላይ ጫማችንን እንደ ቤተ ክርስቲያን አውልቀን ነበር የምንገባው። ክፍሉ የጋለ ላስቲክና የእርጥብ ካልሲ ሽታ ነበረው። እኔ ተማሪ አልነበርሁም። የምትማረው አስረኛ ክፍልን የጨረሰችው ታላቅ እህቴ የሻረግ ነበረች። አባታችን "ሴት ልጅ ብቻዋን ሰው ቤት አትውልም" ስላለ፣ እኔ ጭራ ሆኜ እከተላታለሁ፤ ጥግ ላይ በርጩማ ተሰጥቶኝ እሷን ሳይ እውላለሁ።

በዚያ ዓመት ሽማግሌ ተልኮባት ነበር። የላከው የጋይንት ሰው፣ በሬና መሬት ያለው፣ ሚስቱ የሞተችበት ጎልማሳ ነው። የሻረግ አልወደደችውም። ይኸን ለአባታችን መናገር ግን የሚታሰብ አልነበረም። ወዲያው ወረዳው ኮምፒውተር የሚችል ጸሐፊ ሊቀጥር መሆኑ ተሰማ። እናታችን በመሀል ገብታ ብዙ ለመነች፤ አባታችንም ሽማግሌዎቹን እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ "ልጅቱ ትፈተን። ካለፈች የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ እኔም አላዝባትም። ከወደቀች ለጥር እንደግሳለን።" ሽማግሌዎቹ ለመጠበቅ ተስማምተው ሄዱ። እንግዲህ እህቴ ጋሽ ምናለ ቤት የምትመላለሰው ከዚያ ሰው ለማምለጥ ነበር።

የመማሪያው ማውስ ሆዱ ውስጥ ኳስ ያለው የድሮ ዓይነት ነው። ወደ ቀኝ ሲሉት ይለግማል፤ ቁልፉም ካልደቆሱት አይሰማም። የሻረግ "ለጋሚው በሬ" ትለው ነበር። እያደር ግን ጠባዩን አወቀችው። ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ታደርገውና በሙሉ ክንዷ ትገፋዋለች፤ ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት እየተጎተተች ሄዳ ልክ ከፈለገችው ቦታ ትቆማለች። ሌሎቹ ተማሪዎች የሚያማርሩበትን እሷ ትሠራበት ነበር። በታይፕማ ማንም አይደርስባትም፤ ጣቶቿ ጥሬ ያየች ዶሮ ነበሩ።

አንድ ቀን "ጋሼ፣ ይኸ ለምን አይቀየርም?" ብዬ ጠየቅኋቸው። አዲስ ማውስ እንዳላቸው ሁላችንም እናውቃለን። ከነላስቲኩ በባለቤታቸው ቡፌ ውስጥ፣ ከወርቅ ቅብ ብርጭቆዎቹ ጎን፣ ዳንቴል ላይ ተቀምጦ በመስታወቱ ይታያል። ጋሽ ምናለ ሳቁብኝ። "እሱ ለእንግዳ ነው፣ የኔ ልጅ። ደግሞ በዚህ የለመደ በዚያ ይበራል" አሉኝ። ይኸ ማንንም አልገረመ። የኛም ቤት እንዲያው ነበር። እናታችን አዲሱን ብርድ ልብስ ለእንግዳ ብላ ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት፣ እኛ ክረምቱን አንድ ጋቢ ስንጓተት ነው ያደግነው።

የወረዳው ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ተበላሽቶ ስለነበር ፈተናው ጋሽ ምናለ ቤት ሆነ። ፈታኞቹ ሲገቡ ጋሽ ምናለ ኮታቸውን ለብሰው ጠበቋቸው። ከዚያ ቡፌውን ከፈቱ። ማውሱን ከላስቲኩ አወጡት፣ ላስቲኩን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ ለጋሚውን ነቅለው አዲሱን ሰኩ። "እንግዳ መጥቶ በዚያ ይሠራል እንዴ?" አሉ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

የሻረግ የተሰጣትን ደብዳቤ ሰዓቱ ሳይጋመስ ጻፈችው። ከኋላዋ የቆመው ፈታኝ አንድ ስሕተት አጥቶ ራሱን ሲነቀንቅ አይቻለሁ። የቀረው ጽሑፉን አስቀምጦ መዝጋት ብቻ ነበር። እጇን ወደ ማውሱ ሰደደች፤ እንደ ልማዷ ከፍ አድርጋ መታ መታ አደረገችውና ገፋችው። ቀስቷ ተፈናጥራ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጠፈች። መለሰቻት፤ በሌላው ጠርዝ ወጣች። እንደ ምንም መዝጊያው ላይ አድርሳ ተጫነችው። ማሽኑ ጽሑፉን ላስቀምጠው ወይ ብሎ ጠየቃት፤ "አዎ" እና "አይ" ጎን ለጎን ናቸው። "አዎ" ላይ አነጣጥራ ለጋሚውን እንደምትደቁሰው ደቆሰችው። ቀስቷ ሸርተት ብላ "አይ" ላይ አረፈች። የጻፈችው ሁሉ ጠፋ።

ዞር ብላ "ጋሼ፣ የድሮውን ስጡኝ" አለች።

ጋሽ ምናለ እንግዶቹ ፊት አፈሩ። "ምን ትላለች ይቺ? አዲሱን አይደለም እንዴ የሰጠኋት!" አሉ። ፈታኙም "ማውስ መያዝ ያልቻለች ምኑን ተማረችው" ብሎ ቀጣዩን ጠራ። እሷ ደጃፍ ላይ ጫማዋን ስታጠልቅ፣ ጋሽ ምናለ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማውስ በመሀረብ ይጠርጉ ነበር።

አባታችን ቃሉን ጠበቀ፤ ሠርጉ ለጥር ሆነ። ያ ብርድ ልብስም ያን ጊዜ ከሳጥኑ ወጣ፤ ሚዜዎቹ ተኙበት። ጋሽ ምናለ ከክብር እንግዶቹ ጋር ተቀምጠው በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ። ማውሱ ወደ ላስቲኩና ወደ ቡፌው ተመልሷል። ሰው ሁሉ "እድሏ ነው" አለ፤ እናቴ ዛሬም ትላለች። እድል አይደለም፤ ቡፌ ነው። ካደግሁ በኋላ ደግሞ የባሰውን አወቅሁ። ለጋሚውን ያለገመው ከኳሱ ጎን ባለችው ዘንግ ላይ የተጠመጠመ እድፍ ነበር፤ ሆዱን ከፍቶ በጥፍር የሚፋቅ እድፍ። አንድ ሰው እንኳ ከፍቶ አላየውም።

ለፋሲካ የሻረግን ልጠይቅ ጋይንት ሄጄ ነበር። ባሏ አርጅቷል፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ እሷም ክፉ ነው ብላ አታውቅም። ለሴት ልጇ የኔን አሮጌ ላፕቶፕና አዲስ ማውስ ይዤላት ሄድሁ። የዛሬ ልጅ አስተማሪም አይፈልግ፤ ስልክ በጣቷ ስትዳብስ ያደገች ናትና ሳልነግራት ሁሉንም ከፈተችው። "እማ፣ ነይ ሞክሪው" አለቻት። የሻረግ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ያዘችው። ከፍ አደረገችና ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ በሙሉ ክንዷ ገፋችው።

"እማ፣ ምን አጠፋና ትደበድቢዋለሽ? ደህና እኮ ነው" ብላ ልጅቱ ሳቀች። የሻረግም ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልሁም።

ሲመሽ ልጅቱ ማውሱን ነቅላ "እንዳይቆሽሽ" ብላ ወደ ላስቲኩ ልትመልሰው ስትል፣ የሻረግ ላስቲኩን ከእጇ ወስዳ ምድጃው ውስጥ ጨመረችው። ተኮማትሮ ሸተተ።

"ይቆሽሽ" አለቻት። "አንቺ ብቻ ልመጂው።"