ከአረንጓዴው ስር የነበረው ቢጫ

ልጅ ሳለሁ ተረት ማለት ለእኔ የቲነር ሽታ ነበር። አባቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ መኪና ቀቢ ስለነበር፣ ተረቱንም የሚያወራው እጁ ሥራ ላይ ሲሆን ብቻ ስለነበር፣ እስከ ዛሬ ድረስ አዲስ ቀለም በተቀባ በር አጠገብ ሳልፍ የሆነ ሰው ወሬ ሊጀምርልኝ ይመስለኝና እርምጃዬን ቀነስ አደርጋለሁ።

ጋራዡ ከቤታችን ጀርባ የነበረ የቆርቆሮ ዳስ ነው። ያኔ ባጃጅ የሚባል ነገር ገና ከተማችን አልገባም፤ አባቴ የሚጠግነው የተጋጩ ሚኒባሶችንና የተሰነጠቁ የአውቶቡስ ፋይበሮችን ነበር። አመሻሽ ላይ ብርዱ ስንጥቅ የደፈነበትን ስቱኮ አላደርቅ ስለሚለው በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ከሰል አቀጣጥሎ፣ ከቲነሩ ራቅ አድርጎ፣ ከሚሠራው ዕቃ ጎን ያስቀምጠዋል። መብራት ከጠፋም ፋኖስ ምሰሶው ላይ ይሰቅላል። እኔ ከፍሙ አጠገብ የተገለበጠ ጄሪካን ላይ ተቀምጬ፣ የብርጭቆ ወረቀቱ ሿ ሿ ሲል፣ ተረቱ ሲቀጥል፣ እራት እስኪደርስ አልነቃነቅም። ለቤቱ አንድ ልጅ ነበርኩና ያቺን ጄሪካን የሚሻማኝ አልነበረም።

አሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ በመንፈቅ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት፣ አንድ አይሱዙ ጀልባ ጭኖ ግቢያችን ገባ። ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠላጥሎ «ምነው፣ ማርቆስ ላይ ሐይቅ ሊፈልቅ ነው እንዴ?» እያለ አሾፈ። ጀልባዋ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ፣ ባሕር ዳር የሚኖር ሰው፣ በርካሽ ያገኛት አሮጌ የፋይበር ጀልባ ናት። ጓደኛው ሞተር ሊፈልግላት ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ አባቴ ቀለሟን ልጦ በአዲስ እንዲቀባለት እኛ ዘንድ አወረዳት። ከጀልባዋ ጋር ደግሞ ልጁን ትዕግሥትን አወረደ።

ትዕግሥት የእኔ እኩያ ናት። ሐይቅ ዳር ተወልዳ ያደገች፣ ነጠላ ጫማዋ እንኳ አሸዋ አሸዋ የሚል፣ ሰው የማታፍር ልጅ። በመጀመሪያው ምሽት ጋራዡ ውስጥ ገብታ ጄሪካኔ ላይ ቁጭ አለች። አባቴን አየሁት። «እንግዳ ናት፣ የሻረግ፤ አንቺ ጎማው ላይ ተቀመጪ» አለኝ። ጎማው ላይ ተቀመጥኩ። ጎማው ቀዝቃዛ ነበር፤ ከፍሙም ራቅ ይል ነበር።

ጀልባዋ በላይ በላዩ የተቀባች ነበረች። ላይዋ ፀሐይ ያሳረረው ሰማያዊ ነው፤ ከሰማያዊው ስር አረንጓዴ ብቅ አለ። አባቴም ያን ምሽት እስከዚያ ያልሰማሁትን ዓይነት ተረት ጀመረ፤ የምንልጠው እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ባለቤትና የራሱ ታሪክ ነበረው። ሰማያዊው ጉማሬ የሚፈራ ሰው የቀባው ነው። ጉማሬው ከውኃው እንዳይለያት ብሎ ሰማያዊ ቀባትና በማግስቱ ጠዋት ሐይቁ ዳር ቢመጣ ራሱም ሊለያት አልቻለም፤ ሦስት ቀን ሙሉ «ጀልባዬን ያያችሁ» እያለ እፊቱ የተገተረችውን ጀልባ ሲፈልግ ከረመ። ከት ብዬ ሳቅሁ። ትዕግሥትም ሳቀች፤ የእኔ ሳቅ ያኔውኑ ቆመ።

በሦስተኛው ምሽት አረንጓዴው ላይ ደረስን። አባቴ ከሐይቅ ዳር ደንገል ሣር የሚታሰሩት ታንኳዎች ይህችን የፋይበር ጀልባ እንግዳ ናት ብለው እንዳገለሏት፣ ባለቤቷም አዝኖ እነሱን እንድትመስል አረንጓዴ እንደቀባት እያወራ ሳለ ትዕግሥት «ጋሼ፣ ታንኳ እኮ አረንጓዴ አይደለም» አለችው። «ደንገሉ ደርቆ ነው የሚታሰረው። ገለባ ነው የሚመስል።»

ክው አልኩ። የአባቴን ተረት አቋርጦ «አይደለም» ማለት እንደሚቻል አስቤም አላውቅ። አሁን ይቆጣታል ብዬ ጓጉቼ ጠበቅሁ። እሱ ግን የያዘውን መፋቂያ ጭኑ ላይ አሳርፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «በይ እንግዲህ ሰውዬው ተሳስቷል! አረንጓዴ ሆና ስትመጣ ታንኳዎቹ እንዴት አድርገው ሳቁባት መሰለሽ!» ብሎ ተረቱን እዚያው ገለበጠው። ከዚያ በኋላማ «እህ፣ ሐይቁ ጠዋት ምን ይመስላል? ጉማሬው ሲያዛጋ ይሰማል?» እያለ እሷን መጠየቅ ሆነ ሥራው። አባቴ ጣናን አይቶት አያውቅም ነበር። እኔ ከእሱ ተረት ተቀበልኩ እንጂ ምንም ሰጥቼው እንደማላውቅ ያን ምሽት ገባኝ። እሷ ስትናገር ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን የእኔ ነበር፤ የተሰረቅሁ መሰለኝ።

ቅዳሜ ሲመሽ የጀልባዋ ገላ ከሞላ ጎደል ተልጦ የፋይበሩ የራሱ ነጭ ወጥቶ ነበር። አፍንጫዋ ላይ ብቻ፣ የእንጀራ ሰፌድ በሚያህል ስፍራ፣ ከአረንጓዴው ስር ቢጫ ቀለም ታየ። ትዕግሥት ብድግ አለች። «ይሄስ የማን ነው፣ ጋሼ?»

«እሱ ሰኞ ነው» አለ አባቴ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ነገ ሰንበት ነው፤ እንረፍ።»

ሰኞ ለእሷ ሊነግራት ነው። ቢጫው፣ ገለባ የሚመስለው፣ እሷ ያወቀችው የታንኳ ቀለም! ሌሊቱን ሁሉ ይኸው ሲያብሰለስለኝ አደረ። ጠዋት ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁና እነሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጋራዡ ገባሁ። በሰንበት መዶሻ ማንሳት እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የአባቴን መሮና መዶሻ፣ ሻካራውንም የብርጭቆ ወረቀት አነሣሁ። ቢጫው ከሌለ ተረቱም የለም ብዬ ነበር። ፋቅሁት። እየፋቅሁ አለቀስኩ፣ እያለቀስኩ ፋቅሁ። ቢጫው አለቀ፤ እኔ ግን አላቆምኩም። ነጩንም አልፌ፣ ከስሩ ያለው፣ ፋይበሩ የተሠራበት የብርጭቆ ክር እንደ ተተረተረ ጨርቅ እስኪንጨባረር ድረስ መሮውን መታሁ። ጨርሼ የተረፈውን ብናኝ በክንዴ ጠረግሁት።

ፋይበር የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ሳይስቅብኝ አይቀርም። ምሳ ቀርቦ ገና ሁለተኛውን ጉርሻ ሳልውጥ ሁለቱም ክንዶቼ መንደድ ጀመሩ። ከገበታው ስር አከክሁ፤ ባከክሁ ቁጥር ባሰብኝ። አባቴ መብላቱን ተወ። እጄን ስቦ በመስኮቱ ብርሃን አየውና ወደ ጋራዡ ወጣ። 

ሲመለስ የቀለም ወሰን የሚለጥፍበትን ፕላስተርና አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውኃ ይዟል። ደጃፉ ላይ አስቀመጠኝ። ፕላስተሩን ቆዳዬ ላይ ለጥፎ ቀስ ብሎ ያነሣዋል፤ ዓይን የማያያቸው የብርጭቆ ክሮች አብረው ይነቀላሉ፤ ደግሞ ይለጥፋል። ያለኝ አንድ ቃል ነው፤ «በሰንበት?»

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ዘወር ስል ትዕግሥት ከኋላችን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ቆማለች። «ቢጫውን ይንገሩኝ ብዬ ትናንት ለመንኳቸው እኮ» አለችኝ። «እሱ የየሻረግ ነው፣ ሰኞ ጄሪካኗ ላይ ተቀምጣ ነው የምትሰማው፣ አንቺ ጎማው ላይ ትሆኛለሽ አሉኝ።»

አባቴ ቀና ብሎ አላየኝም። ፕላስተሩን ለጠፈ፤ አነሣ።

ሰኞ ያጎደልኩትን ቦታ በአዲስ ፋይበር ደፍኖ አሸው፤ በሳምንቱ ጀልባዋ ነጭ ተቀባች፤ አይሱዙው መጥቶ ጀልባዋንም ትዕግሥትንም ወሰደ። ጄሪካኔ ተመለሰችልኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተረት ሰምቼባታለሁ፤ ስለ ቢጫው ግን እሱም አላነሣ፣ እኔም አፍሬ አልጠየቅሁ።

የጠየቅሁት እኔም ልጆች ወልጄ፣ እሱም ጋራዡን ትቶ በረንዳ ላይ ፀሐይ መሞቅ ከጀመረ በኋላ ነው። «አባዬ፣ ያ የጀልባዋ ቢጫ የማን ነበር?»

 «እኔ ምን አውቄ» አለ። «እኔም እኮ የማውቀው ቀለሙ ላይ ስደርስ ነበር። እጄ ይፍቃል፣ አንቺ ፊቴ ተቀምጠሽ ዓይንሽን ታፈጥጫለሽ፣ ያን ጊዜ ይመጣል። ያንን አልደረስንበትም።»

አንዳንድ ምሽት ልጆቼ ተረት ሲጠይቁኝ ያን ቢጫ ልሞላው እሞክራለሁ፤ ታንኳ አደርገዋለሁ፣ ገለባ አደርገዋለሁ፤ የአባቴ አይሆንልኝም። ትዕግሥትን ከዚያ ወዲህ አላገኘኋትም፤ ቂሟም የለኝ። ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። ዛሬ የምቀናው በአንዲት ሌላ ልጅ ነው፤ ያን እሑድ ሆዴን አመመኝ ሳትል ቤተ ክርስቲያን በሄደችው፣ ሰኞ አመሻሽ ላይ ክንዷ ደህና ሆኖ ከፍሙ አጠገብ ጄሪካኗ ላይ በተቀመጠችውና አባቷ መፋቂያውን አንሥቶ የቢጫውን ተረት በጀመረላት የአሥር ዓመቷ የሻረግ።