እንቢ ማለት ያስተማርኩት ዶክተር

ነገሩ በጠቅላላ ያስወጣኝ ሰባት ቅዳሜ፣ ቁጥሩን የማላውቀው ሻይ፣ አንድ የተሰነጠቀ ሴራሚክ እና አንድ ጓደኛ ነው። ሴራሚኩን ትቼዋለሁ። የሆነው አዲስ ዓመት እንደገባ ነው፤ ይኸው ወራት አልፈውም ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ዓይኔ ወደ በሩ ይሄዳል። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ጉርድ ሾላ ሴራሚክና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ እሸጣለሁ። እዚህ ሥራ ላይ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የቀረውን ያስተማረኝ መርካቶ ነው፣ እሱ ደግሞ ወረቀት አይሰጥም።

ዶክተር አስናቀን ያወቅሁት በደንበኝነት ነው። ሰሚት ያለውን የኮንዶሚኒየም ቤቱን ሲያስጨርስ አንድ የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ሊገዛ መጣ። እንቢ ማለት የማይችል ደንበኛ ከአቋቋሙ ያስታውቃል። ከቧንቧው ጋር አንድ ትልቅ መስታወት ሸጥኩለት። መስታወቱ ለመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ እንደሚሰፋ እሱ ያውቃል፣ እኔም ጠርጥሬያለሁ። ከፈለ። "ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ" አለ፤ እኔም ስሙን በወረቀት ጽፌ ለጠፍኩበት።

ቅዳሜ መጣ። ሊመልሰው እንደመጣ ፊቱ ይናገራል፣ አፉ ግን እንቢ አለው። ሻይ አዘዝኩለት፣ ስለ ዝናቡ አወራን፣ የሳሙና ማስቀመጫ ገዝቶ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ። "መስታወቱን ልወስድ ነበር" አለ፤ ተቀመጠ፣ ሻዩን ጠጣ፣ መስታወቱን ትቶ ሄደ። በዚህ ዓይነት አራት ዓመት ሄድን።

ዶክትሬቱን የሠራው በምስጥ ነው። ሲነግረኝ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም።

"ወላሂ፣ ሰው ምስጥ አጥንቶ ዶክተር ይሆናል?"

"ምስጥ የማይበላው ዕቃ ስለምትሸጥ ነው የናቅከው" አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኩት። አንድ ጊዜ ሴራሚክ በክረምት ለምን እንደሚያልበው ጠየቅሁት። አልሳቀም። "አላውቅም" አለ፣ ዶክተር ሆኖ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መልሱን ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፎ፣ ሥዕል ሁሉ ሠርቶበት አመጣልኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጥያቄ ስጠይቅ "ሥራህን ሥራ" ከመባል ሌላ መልስ አግኝቼ አላውቅም። ወረቀቶቹ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው።

አንድ ቅዳሜ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ለካ ለአንድ ፌሎሺፕ ተወዳድሮ ወድቋል። እንዳስረዳኝ ከሆነ ዶክትሬታቸውን የጨረሱ ምሁራንን ወስዶ የዩኒቨርሲቲ አስተዳደር የሚያሠለጥን ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ከምክትል ፕሬዚዳንት ሥር ሆነው በጀቱን፣ ግዢውን፣ የመምህሩን ጠብ፣ የተማሪውን አቤቱታ ያያሉ። ሲጨርሱ ኃላፊነት ይሰጣቸዋል።

"አንተን ከምስጥህ ማን ነጠለህ?" አልኩት። "ሹመት አማረህ?"

"ሹመት አይደለም" አለ። "ማይክሮስኮፖች ተገዝተው መጥተው፣ የሚፈርምባቸው ሰው ጠፍቶ ስቶር ከተቆለፈባቸው ሦስት ዓመታቸው። ተማሪዎቼ ምስጥን የሚያውቁት በሥዕል ነው። እኔ የሚፈርም ሰው መሆን ነው የምፈልገው።"

"ታዲያ ለምን ጣሉህ?"

ፈተናው እንደ ቲያትር ነው አለኝ። ሁለት የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች አንድ ላቦራቶሪ ይፈልጋሉ፤ አስተዳዳሪው አንተ ነህና ወስን ይባላል።

"ለማን ሰጠኸው?"

ብርጭቆውን አሽከረከረ። "ለሁለቱም።"

"ፈታኞቹ ምን አሉ?"

"አንደኛው 'ለእኔስ?' አለኝ።"

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና መወዳደር ይፈቀድለታል። "ስማ ዶክተር" አልኩት፣ "አንተ የሚያስፈልግህ መጽሐፍ አይደለም፣ ሱቅ ነው።" ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው ጀመርን። ሰባት ቅዳሜ።

እንቢታ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ሰውየውን ታስቀምጠዋለህ። የቆመ ሰው ቶሎ ይጣላል፤ የተቀመጠው ለመጣላት መነሳት አለበት፣ እስኪነሳ ይበርድለታል። ከዚያ ሻይ ታዝለታለህ፤ ትኩስ ብርጭቆ የያዘ ሰው እጁን አያወራጭም። ሚስቱንና ልጆቹን በስማቸው ጠርተህ ጤናቸውን ትጠይቃለህ። ከዚያ ነው ዋናው ነገር፦ ሳይጠይቅህ ቀድመህ ትከለክለዋለህ። ጥያቄው ከአፉ ከወጣ በኋላ ብትከለክለው አዋረደኝ ይላል። ሳይወጣ ከነገርከው ግን መረጃ ሰጠኸው ማለት ነው። ሲሄድ ደግሞ ባዶ እጁን አትሸኘውም። እኔ ሳንቲም የምታክል የቧንቧ ጎማ እሰጣለሁ። አመስግኖህ ይወጣል።

ሁሉንም ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ሰው የኔን ንግግር ሲጽፍ ያየሁት ፖሊስ ጣቢያ ብቻ ነበርና ደስ አለኝ።

የተናደደ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ስላስፈለገን ጎረቤቴ ያሉትን ቀለም ሻጯን እትዬ ዘነቡን ጠራኋቸው። ላቦራቶሪ ምን እንደሆነ አልጠየቁም። "ለእኔ ነው የሚገባው!" ብለው ጠረጴዛዬን ሲመቱት ለናሙና ያስቀመጥኩት ሴራሚክ ወድቆ ተሰነጠቀ።

"እትዬ፣ ቀስ!"

"ዝም በል አንተ፣ ኃላፊ ነኝ!"

ዶክተሩ ደነገጠ። "እሺ፣ ይውሰዱት" አለ።

"እንዴት እሺ ትለኛለህ? ገና መች ተቆጣሁና!" ብለው ያን ጊዜ የምር ተቆጡት።

በስድስተኛው ቅዳሜ እውነተኛ ደንበኛ መጣልን። አንድ ኮንትራክተር ከወር በፊት የገዛውን፣ ግማሹ የተከፈተ ሴራሚክ አስጭኖ ሊመልስ ነው። ከወንበሬ ተነሳሁና "የዛሬው አለቃ እሱ ነው" አልኩት። ዶክተሩ አስቀመጠው። ሻይ አዘዘለት። ስለ ልጆቹ ጠየቀው። ከዚያም ሰውየው የመጣበትን ሳይናገር፣ የተከፈተ ካርቶን እንደማንመልስ በሚጣፍጥ አነጋገር ነገረው። ኮንትራክተሩ ሁለት የቧንቧ ጎማ ኪሱ ከቶ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ወጣ።

እትዬ ዘነቡ ከበራቸው ሆነው አጨበጨቡ። የዶክተሩ እጅ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

"አሳዘነኝ እኮ ሸምሱ" አለኝ። "ሦስት ልጆች አሉት። የትንሿ ስም ማርታ ነው።"

"ትለምደዋለህ" አልኩት።

ፈተናውን አለፈ። የዚያን ቀን ለሰፈሩ ሱቅ ሁሉ ሳምቡሳ አበላ። እትዬ ዘነቡ አምስት በሉ፣ "ላቦራቶሪውን የተከለከልኩት እኔ ነኝ" እያሉ።

ፌሎሺፑ ሲጀመር በየሁለት ሳምንቱ መምጣቱን አልተወም። ሲመጣም "መስታወቱን ልወስድ ነበር" ይላል፣ እኔም "ተሸካሚ የለም" እላለሁ። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥልጠና ሆነ። ከዚያ ስልክ ብቻ። ከዚያ "ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ" የሚል መልእክት። ዓመቱ ሲያልቅ ከሰሚት ወዲያ ባለው፣ ማይክሮስኮፖቹ በተቆለፉበት ካምፓስ በኃላፊነት ተመደበ። ከሱቄ በታክሲ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሩቅ ቢሄድ ይሻለኝ ነበር። ባሕር የተሻገረን ሰው ብትናፍቅ ማንም አይፈርድብህም። በአንድ ታክሲ የምትደርስበትን ሰው መናፈቅ ግን ያሳፍራል።

አዲስ ዓመት እንደገባ እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ሄድኩ። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ አንድ ቅዳሜ ና ልለው። አንድ ብቻ።

በኮሪደሩ ሳልፍ አንድ በር ተከፍቷል። ተማሪዎች ጎንበስ ብለው በማይክሮስኮፕ ያያሉ። ፈርሟል ማለት ነው። ቆሜ አየኋቸው፤ ከዚያ ውስጥ ሰባት ቅዳሜ ያህሉ የኔ ነው ብዬ አሰብኩ፣ ማንም አይጠይቀኝም ብዬ።

ጸሐፊዋ ትሑት ልጅ ናት። "ቀጠሮ አለዎት ጋሼ?"

"የለኝም።"

"ጉዳይዎን እዚህ ላይ ይሙሉልኝ፣ አስገባልዎታለሁ።"

እስኪርቢቶውን ይዤ ቆምኩ። ጉዳዬ ምንድነው? ናፍቆት ብዬ ልጻፍ? ሃምሳ ዓመት የሞላው የሴራሚክ ነጋዴ እንደዚያ አይጽፍም። "የግል ጉዳይ" ብዬ ጽፌ ሰጠኋት።

ይህን ስጽፍ ምን ነክቶኝ እንደነበር አላውቅም። በእኛ አገር ቢሮ የግል ጉዳይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። አጠገቤ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ወረቀቴን አጮልቆ አየና "ዘመድዎ ነው?" አለኝ።

"ጓደኛዬ ነው።"

"ታዲያ እርስዎማ ያልቅልዎታል" አለ፣ በቅናት።

ገባሁ። ዶክተር አስናቀ ከወንበሩ ተነስቶ አቀፈኝ። ትንሽ ወፈር ብሏል፣ ከረባት አስሯል። ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ነው።

"ቁጭ በል ሸምሱ፣ ቁጭ በል!" ተቀመጥኩ። ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩ መጣ፣ ትኩስ ነው፣ በሁለት እጄ ያዝኩት።

"ነጂባ እንዴት ናት? እግሯ ተሻላት? ፉአድስ ፈተናውን አለፈ?"

ደስታዬን አትጠይቁኝ። አልረሳንም አልኩ በልቤ። "ቅዳሜ" ብዬ ልጀምር አፌን ስከፍት እጁን ክንዴ ላይ አደረገ።

"ይኸውልህ ወንድሜ፣ አንተ ሳትናገር እኔ ልንገርህ። እዚህ ቤት ቅጥር በኮሚቴ ነው። ግዢ በጨረታ ነው። የተማሪ ምደባም ከኔ እጅ ውጪ ነው። የእናቴ ልጅ ቢመጣ ከዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ላደርግለት የምችለው ነገር የለም። ይህን ከማንም በላይ የምትረዳኝ አንተ ነህ።"

ፊቱን አየሁት። ተንኮል የለበትም። እጁንም አየሁት። አይንቀጠቀጥም። ለምዶታል።

"ኧረ እኔ ለምንም አልመጣሁም" ልለው ነበር። ግን ሃያ ዓመት ደንበኛ ከልክያለሁ፤ የተከለከለ ሰው መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። ቢሰማኝም አያምነኝም፣ ቢያምነኝ ደግሞ እሱ ያፍራል። ከሁለቱ አንዱንም አልፈለግሁም።

"እረዳሃለሁ" አልኩት።

ሻዬን ጨረስኩ። እስከ በሩ ሸኘኝ። ከመሳቢያው የካምፓሱ ስም የታተመበት የዓመቱን አጀንዳ አውጥቶ እጄ ላይ አደረገልኝ። "እትዬ ዘነቡን ሰላም በልልኝ" አለ።

"አመሰግናለሁ" አልኩት። ወላሂ፣ በገዛ አፌ።

ወረፋ ላይ የነበረው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ። "አለቀልዎት?"

"አለቀልኝ" አልኩት።

ሱቅ ስመለስ እትዬ ዘነቡ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። "እህሳ? ይመጣል?"

"ሻይ ጋበዘኝ። ሰላም ብሎዎታል።"

ከእጄ አጀንዳውን ተቀበሉ። አገላበጡት፣ አንድ ሁለቴ ገለጡትና መለሱልኝ። እሳቸውም ትምህርቱ ላይ ነበሩ።

አልተቀየምኩትም። ሐቁን ልናገርና በሃያ ዓመት ውስጥ እንደዚያ አሳምሮ የከለከለኝ ሰው የለም። እኔ ራሴ እንደዚያ አልችልበትም። እንዲህ ያለ ሰው ያ ወንበር ላይ መቀመጡ ለአገር ጥሩ ነው፤ ለልጆቹም እነሆ ማይክሮስኮፕ ወጣላቸው። የሚናፍቀኝ ያኛው ነው፣ ላቦራቶሪውን ለሁለቱም የሰጠው።

ብዙ ቀን የተቆጨሁት በአንድ ነገር ነው። ምነው ቅጹ ላይ "መስታወት ለማድረስ" ብዬ በጻፍኩ? እየሳቀ ይወጣልኝ ነበር። ባለፈው ወር እንዲያውም መስታወቱን በካርቶን ጠቅልዬ ታክሲ ጠራሁ። ሾፌሩ ደርሶ ጥሩምባ ሲነፋ ሐሳቤን ቀየርኩ። መስታወቱን ካደረስኩለት የሚመጣበት ሰበብ አለቀ ማለት ነው። ሾፌሩን ይቅርታ ጠይቄ፣ ካርቶኑን ፈትቼ ወደ ቦታው መለስኩት። ስሙ የተጻፈበት ወረቀት አንድ ጠርዙ ለቆ ስለነበር አዲስ ፕላስተር አደረግሁለት።

ሒሳቡ እንግዲህ ይህ ነው። ማይክሮስኮፖቹ ከስቶር ወጥተዋል። ዶክተሩ እንቢ ማለት ይችላል። ሱቄ ውስጥ አንድ መስታወት አለ፤ የተከፈለበት፣ ያልተወሰደ።